ላብ ሲበዛ ምን ይሻላል? ከሮል እስከ ቀዶ ጥገና

አዲስ አበባ እንደ ድሬዳዋ ወይም እንደ ጋምቤላ አይደለችም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ጠዋት ጃኬት ሳይደርብ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ላብ የሚበዛበት ሰው በዚህ ከተማ ብቻውን የቀረ የሚመስለው። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁሉም ሹራብ ለብሶ ቆሟል፣ የእሱ ሸሚዝ ብብቱ ስር ረጥቧል። ለረዳቱ የሚሰጣት ብር መዳፉ ውስጥ ርሳ ታጥፋለች። ሰው ሊጨብጠው ሲመጣ መጀመሪያ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ለፋይዳ አሻራ ሊሰጥ ጣቱን ሲያስቀምጥ ማሽኑ እምቢ ይላል፤ "ጥረገውና ድገመው" ይባላል፣ ይጠርጋል፣ ጣቱን እስኪመልስ ድረስ ተመልሶ ረጥቧል፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ደግሞ ማጉረምረም ይጀምራል።

ምርጫው ብዙ ነው። ሮል አለ፣ የሌሊት ቅባት አለ፣ ክኒን አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሕክምና አለ፣ የቦቶክስ መርፌ አለ፣ ቀዶ ጥገና አለ። ችግሩ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከተሳሳተው ጫፍ ነው። ወይ ለዓመታት ሽቶ በላዩ ላይ ሽቶ ይደርባል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቪዲዮ አይቶ በቀጥታ የቦቶክስ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መቼ እንደሚያልባችሁና የት እንደሚያልባችሁ ለዩ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ከዝርዝሩ ውስጥ አብዛኛውን ያስወጡላችኋል።

መቼ ነው የሚያልባችሁ?

ላብ በራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነታችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚሆኑ የላብ ዕጢዎች አሉ፤ ሥራቸው ሰውነት ሲሞቅ ማቀዝቀዝ ነው። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን ሽቅብ እስከ ፒያሳ በእግሩ የወጣ ሰው ላብ በላብ ቢሆን ጤነኛ ነው። ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ የበላ ሰው ግንባሩ ቢያልበውም ያው ነው። ጉዳይ የሚሆነው ሳይሞቅ፣ ሳይሮጡ፣ ሳያቃጥል ሲመጣ ነው።

ይህ ላብ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ምንም ሌላ በሽታ ሳይኖር የሚመጣው ነው። ከልጅነት ወይም ከጉርምስና ይጀምራል። ሁለቱም መዳፍ፣ ሁለቱም ብብት፣ ሁለቱም እግር እኩል ያልባል። ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ውስጥ አንድ ተመሳሳይ ሰው ይገኛል፤ አባት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት። ትልቁ ምልክቱ ደግሞ እንቅልፍ ሲወስዳችሁ መቆሙ ነው። ዕጢዎቹ አልበዙም፣ አላበጡም። ትዕዛዝ የሚያበዛው ነርቩ ነው። የነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቃል፣ ዕጢውም ያን ሲያገኝ ላብ ያወጣል። ይህችን ያዙልኝ፤ ክኒኑም ቦቶክሱም የሚሠሩት እዚህችው ቦታ ላይ ነው። ፈተና፣ ኢንተርቪውና አማች መተዋወቅ ያብሱታል። ያም ሆኖ ጭንቀት ብቻ ነው ማለት አይደለም፣ "አትጨነቅ" የሚለው ምክርም እጅ አድርቆ አያውቅም።

ሁለተኛው ከሌላ ነገር የሚመጣ ላብ ነው። ትልቅ ሰው ከሆናችሁ በኋላ ድንገት የጀመረ፣ መላ ሰውነትን የሚያጠምቅ፣ አንድ ጎን ብቻ የሚያልብ፣ በተለይ ደግሞ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ከሆነ ሮል መምረጡን ተዉትና ምርመራ አድርጉ።

እኛ አገር የሌሊት ላብ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው። 2 ሳምንት የሞላው ሳል፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ አብሮ ካለ አትጠብቁ። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። የኤችአይቪ ምርመራም እዚያው አለ። ወባን በተመለከተ ከተማችን ከፍታዋ ያድናታል፤ ነገር ግን ሰሞኑን ከአዋሽ፣ ከጋምቤላ ወይም ከአርባ ምንጭ የተመለሰ ሰው እያንቀጠቀጠ ካላበው የት እንደነበረ ለሐኪሙ መናገር አለበት፣ ካልተናገረ ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላል። እየበሉ መክሳት፣ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ሙቀት አለመቻል ካለ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ነው የሚፈተሸው። በደም ምርመራ ይለያል። አንገት ላይ እንቅርት ሳይታይም ሊኖር ይችላል። ዕድሜያቸው ወደ 50 የተጠጋ ሴቶች ላይ ደግሞ ከደረት ወደ ፊት እየጋለ የሚወጣ ሙቀትና ላብ ብዙ ጊዜ የማረጥ ምልክት ነው።

ስኳር ሕመም ያለባችሁ ይህን በደንብ አንብቡት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰዳችሁ ስትጾሙ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ድንገት ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁና ከተንቀጠቀጣችሁ ስኳራችሁ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ይወሰዳል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ቀዝቃዛ ላብ ከደረት ሕመም ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሰው የሚረሳው ምክንያት የሚወስደው ነገር ነው። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ላብ ያበዛሉ። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም እንዲሁ። ጫትም ላብ ያመጣል፤ ምርቃናው ላይ እያለ ግንባሩን የሚጠርግ ሰው አይታችኋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይቀር የሚጠጣ ሰውም ከምንም በፊት ቡናውን ቀንሶ ይየው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ብዙ ጊዜ መለወጥ ወይም መቀነስ ይቻላል፣ ግን ያዘዘው ሰው ይወቀው።

ያስቸገራችሁ ሽታው ነው ወይስ እርጥበቱ?

ፋርማሲ ገብቶ "ለላብ የሚሆን ነገር" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው ሽታ የሚያጠፋ ነገር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዲኦድራንት ሽታ ላይ ነው የሚሠራው፤ ላቡን አያስቆምም። ላቡን የሚቀንሰው አንቲፐርስፒራንት የሚባለው ነው። ልዩነቱ ዕቃው ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፏል። አሉሚኒየም ክሎራይድ፣ አሉሚኒየም ክሎሮሃይድሬት ወይም አሉሚኒየም ዚርኮኒየም የሚል ካለበት አንቲፐርስፒራንት ነው። አሉሚኒየም የሚል ቃል ከሌለ ግን የገዛችሁት ሽቶ ነው፣ የቱንም ያህል "48 ሰዓት" ተብሎ ቢጻፍበት።

ትኩስ ላብ ራሱ ብዙም አይሸትም። የሚሸተው ብብት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ላቡን ሲሰባብሩት ነው። ስለዚህ ሽታ ብቻ ከሆነ ያስቸገራችሁ መፍትሔው ርካሽ ነው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ የብብት ጸጉር ማሳጠር፣ የተለበሰ ሸሚዝ ሳይታጠብ አለመድገም፣ ዲኦድራንት። በቃ። አብሽ ጠጪ ከሆናችሁ ደግሞ ላባችሁ ጣፋጭ ጣፋጭ ሊሸት ይችላል፤ ከአብሹ ነው፣ በሽታ አይደለም።

ሎሚ ብብት ላይ ማሸት የቆየ ዘዴ ነው። ባክቴሪያውን ትንሽ ይጎዳል፣ ሽታም ይቀንሳል። ላቡን ግን አይቀንስም፣ የተላጨ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል። ቤኪንግ ሶዳም ቆዳ ያሻክራል። ጸጉር ቤት ከላጩ በኋላ ፊት ላይ የሚያሹት ያ ነጭ ድንጋይ ከሁለቱም ይሻላል፤ እሱም የአሉሚኒየም ጨው ነው። ለቀላል ሽታ ያገለግላል፣ ለሚንጠባጠብ ላብ ግን አቅሙ አይደርስም።

ብብት

ብብት ዕድለኛ ቦታ ነው። ለብብት የማይሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። መጀመር ያለባችሁም ከርካሹ ነው፦ አሉሚኒየም ክሎራይድ፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያለበት።

ይህን ሞክሮ "አልሠራልኝም" የሚል ሰው ስታገኙ እንዴት እንደተቀባው ጠይቁት። ጠዋት፣ ከሻወር እንደወጣ፣ ወደ ሥራ እየሮጠ ነው የሚላችሁ። ትክክለኛው ሰዓት ማታ ነው። ጨዉ የላቡ ቱቦ ውስጥ ገብቶ እንደ ቡሽ መክደን አለበት፤ ቀን ላቡ እየመጣ ያጥበዋል፣ ሌሊት ግን ዕጢው ያርፋል። ከመተኛታችሁ በፊት ብብታችሁን በፎጣ አድርቁ፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ክፍት ተዉት ወይም የጸጉር ማድረቂያውን በቀዝቃዛው ንፋስ ያዙበት። እርጥበት ከቀረ ጨዉ ከውኃው ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል፤ ያ ሁሉ ማሳከክና ማቃጠል ከዚያ ነው የሚመጣው። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የተላጫችሁ ዕለት አትቀቡ። ጠዋት በውኃ ታጠቡት። እስኪደርቅ በየማታው፣ ከደረቀ በኋላ በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ ይበቃል። ካሳከከ አንድ ሁለት ማታ ዝለሉ፤ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ክሬምም ለጥቂት ቀን ያስታግሰዋል።

አሉሚኒየም የጡት ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ በየጊዜው ይመለሳል። እስካሁን ይህን ያረጋገጠ ማስረጃ የለም። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ግን ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጠቀሙ። የሚያበሳጨው ሌላ ነገር ነው፦ ነጭ ሸሚዝ ላይ ያን ቢጫ እድፍ የሚያመጣው ከላብ ጋር የተቀላቀለው ይኸው ጨው ነው። ቀጭን የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ መልበስ ሸሚዙን ያድነዋል። ግራጫ ሸሚዝ ደግሞ እርጥበቱን ከሩቅ ያሳብቃል፤ ነጭ ወይም ጥቁር ምረጡ።

ጥቂት ሳምንት በትክክል ቀብታችሁ ካልደረቀ የሚቀጥለው ቦቶክስ ነው። የፊት መጨማደድን ለማጥፋት የሚወጉት ያው መድኃኒት ነው። በአሜሪካ ለብብት ላብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ነርቩ አሴቲልኮሊን እንዳይለቅ ያግደዋል፣ ዕጢው ትዕዛዝ ሳይደርሰው ይቀራል።

ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሐኪም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቦታውን ይለያል። ብብቱ ላይ አዮዲን ይቀባል፣ ሲደርቅ ስታርች ይነሰነስበታል። ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ላብ የወጣበት ቦታ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይቀየራል፤ መጀመሪያ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ተያይዞ የእጅ መዳፍ የሚያህል ደሴት ይሆናል። መርፌው የሚገባው ያ ደሴት ላይ ነው። በየ1 ወይም 2 ሴንቲሜትሩ በቀጭን መርፌ ይወጋል፣ ለአንድ ብብት የተለመደው መጠን 50 ዩኒት ነው። ውጤቱ በቀናት ውስጥ ይጀምርና እስከ 2 ሳምንት ይሞላል። ከ4 እስከ 9 ወር ይቆያል። ከዚያ መድገም ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለብብት እኔ የምመርጠው ይህን ነው፣ ኪስ ከፈቀደ። ግን ውድ ነው፣ ወጪውም የአንድ ጊዜ አይደለም። ቦሌ አካባቢ ማስታወቂያው ብዙ ነው። ስንት ዩኒት እንደሚወጋ፣ የማን ምርት እንደሆነ፣ በማቀዝቀዣ መቀመጡን ጠይቁ፣ ጠርሙሷን አሳዩኝ በሉ። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ጋ አትወጉ። የውበት ሳሎን ውስጥ ደግሞ በፍጹም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይወጉም።

በማይክሮዌቭ ሙቀት ዕጢዎቹን የሚያጠፋ መሣሪያም አለ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈቅዷል፣ ለብብት ብቻ ነው፣ ዕጢው ተመልሶ ስለማይበቅል ውጤቱ ዘላቂ ነው። ውጭ አገር ሄዶ የሚያሠራ ሰው ሊያስብበት ይችላል እንጂ ለዚህ ብሎ ቲኬት መቁረጥ አይታየኝም።

መዳፍ

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ቅባቱ በቀላሉ አይገባም። አሉሚኒየም ክሎራይድ ሞክሩት፣ ማታ ቀብታችሁ በጥጥ ጓንት ተኙ፤ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለብዙው ግን አይበቃም።

ለመዳፍ ከሚገባው በታች የሚገመተው ሕክምና ያ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ አዮንቶፎሬሲስ የሚባለው ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ዝርግ ሳህኖች፣ ውስጣቸው የብረት ሰሌዳ፣ ከላይ የቧንቧ ውኃ መዳፉን እስኪሸፍን ድረስ። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ይወልቃል። ጣት ላይ የተቆረጠ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ ቫዝሊን ይቀባል፣ አለዚያ እዚያች ነጥብ ላይ ይቆነጥጣል። እጃችሁን ታስገባላችሁ፣ ኤሌክትሪኩ ቀስ እያለ እስከ 15 ወይም 20 ሚሊአምፔር ይጨመራል፤ ጉንዳን የሚሄድባችሁ ዓይነት ስሜት አለው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ኤሌክትሪኩ እየሄደ እጃችሁን ድንገት ብታወጡ ደስ የማይል ንዝረት ይነዝራችኋል፣ ስለዚህ ስልክ ቢጮኽም ዝም ማለት ነው።

በሳምንት 3 ወይም 4 ጊዜ ትሠራላችሁ፣ መድረቁ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚተወው ገና ሳይደርቅ ነው። ትልቁ ጥቅሙ አንዴ መሣሪያውን የገዛ ሰው ለዓመታት ቤቱ ሆኖ መሥራት መቻሉ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ማስመጣት ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ። በገዛ እጅ ከቻርጀር ገጣጥሞ መሥራት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ፤ እባካችሁ፣ ግድግዳ ሶኬትና ውኃ አብረው አይጫወቱም። ልባቸው ላይ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ (ፔስሜከር) ያላቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውና ኤሌክትሪኩ በሚያልፍበት አካል ላይ ብረት የተገጠመላቸው አይጠቀሙም።

ቦቶክስ ለመዳፍም ይሠራል፣ ግን ለብብት እንዳልኩት በሙሉ ልብ አልመክረውም። መርፌው በጣም ያማል፤ ብዙ ጊዜ እጁን ማደንዘዝ ያስፈልጋል። መጠኑም ከብብት ይበልጣል፣ ያም ዋጋውን ይጨምረዋል። ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ጣት ሊደክም ይችላል። ሹሩባ የምትሠራ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ክራር የሚመታ ሰው ለዚህ ብሎ የእንጀራውን ነገር አደጋ ላይ መጣል የለበትም።

እግር

እግር ላይ ግማሹ መፍትሔ ጫማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ ጫማ ማውለቅ ሼም የሆነበት ሰው ሁለት ጫማ ይኑረውና በፈረቃ ያድርጋቸው፤ አንዱ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ፕላስቲክና ሲንቴቲክ ሸራ ላቡን ይይዛሉ፣ ቆዳ ይሻላል። ክረምት ላይ በተለይ የበሰበሰ ጫማ ሳይደርቅ አትድገሙ። የጥጥ ካልሲ፣ ካስፈለገ ከሰዓት መቀየሪያ ቦርሳ ውስጥ።

ርካሽ ዘዴም አለ፦ ጠቆር ተደርጎ የተፈላ ሻይ ቅጠል ቀዝቀዝ ሲል እግርን 20 ወይም 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ቆዳውን ያጠብቀዋል። ተአምር አትጠብቁ፣ ግን ለቀላል ላብ ይረዳል፣ ቆዳውን ትንሽ ያጠቁረዋል። ከዚያ የአሉሚኒየም ቅባት ማታ ማታ፣ ከዚያ አዮንቶፎሬሲስ፣ ልክ እንደ መዳፉ።

ሽታው ከመጠን ያለፈ ከሆነ ተረከዛችሁን ብርሃን ላይ አገላብጡና እዩ። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉ ባክቴሪያ ቆዳውን እየበላው ነው፤ በሚቀባ አንቲባዮቲክ ይድናል። በጣቶች መካከል የሚላጥና የሚያሳክክ ነጭ ነገር ከሆነ ፈንገስ ነው፣ የእሱ መድኃኒት ሌላ ነው።

ፊት፣ ጭንቅላት፣ መላ ሰውነት

ቦታው ሰፊ ሲሆን ወይም ላቡ ከግንባር እየተንጠባጠበ ሲያስቸግር የሚመጣው ክኒን ነው። ኦክሲቡቲኒን ወይም ግላይኮፒሮሌት ይባላሉ። ኦክሲቡቲኒን በመሠረቱ ሽንት ቶሎ ቶሎ ለሚመጣበት ሰው የሚሰጥ ነው። አሴቲልኮሊኑን ዕጢው ጋ ይከለክላሉ። ይሠራሉ፣ ለብዙ ሰውም ጥሩ አድርገው ይሠራሉ። ግን አሴቲልኮሊን ላብ ላይ ብቻ አይደለም ሥራው። አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሽንት ሊያስቸግር ይችላል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ያለበት፣ ፕሮስቴት የሚያስቸግረው፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለበት ሰው መጀመሪያ ይናገር። አረጋውያን ላይ መርሳትና መደናገር ያመጣል፣ ለእናት ለአባታችሁ ከራሳችሁ ላይ ቆርሳችሁ አትስጡ።

ሌላም አለ። ላብ ከቆመ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አይታወቅም፣ ለፊልድ አፋር ወይም ድሬዳዋ የወረደ ሰው ግን በዚህ ክኒን ላይ ሆኖ ፀሐይ ላይ ቢሠራ በሙቀት ሊወድቅ ይችላል።

ላቡ የሚመጣው መድረክ ላይ ወይም ኢንተርቪው ላይ ብቻ ከሆነ በየቀኑ ክኒን መዋጥ አያስፈልግም። ሐኪም ለዚያች ሰዓት ብቻ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምት የሚያረጋጋ ክኒን ሊያዝ ይችላል፤ አስም ያለበት ሰው ግን አይወስድም።

ቀዶ ጥገና

በደረት በኩል ትንንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ፣ በካሜራ እየታየ፣ ወደ እጅ ትዕዛዝ የሚወስደው የነርቭ ሰንሰለት ይቆረጣል ወይም ይቆነጠጣል። ለላብ ሲባል ይህን ነርቭ መቁረጥ እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረ ነገር ነው፣ በካሜራ መሆኑ ነው ያቀለለው። ለመዳፍ ውጤቱ አስገራሚ ነው። ከማደንዘዣ ስትነቁ እጃችሁ ደርቋል።

ታዲያ ለምን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት? ከእጅ የጠፋው ላብ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ስለሚወጣ። ጀርባ፣ ሆድ፣ ጭን። አብዛኛው የተሠራለት ሰው ላይ በመጠኑ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ይሆንና ሸሚዝ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስቀይራል። ማን ላይ እንደሚበረታ አስቀድሞ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፣ የተቆረጠው ነርቭም አይመለስም። በዚያ ላይ ሳንባ አካባቢ አየር የመግባትና የዓይን ሽፋን የመውደቅ አደጋም አለ፣ ብዙ ጊዜ ባይደርስም። መዳፉ የሚንጠባጠብ፣ ሌላውን ሁሉ በትክክል ሞክሮ የጨረሰ ሰው ቢያስበው ይገባኛል። ለብብት ብቻ ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ይቅርበት።

የት ልሂድ?

የቆዳ ሐኪም ነው የምትፈልጉት። መሀል ከተማ ጥቁር አንበሳ አለ፤ ወጣ ብሎ ዘነበ ወርቅ ደግሞ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የሚታወቀው አለርት። የመንግሥት ሆስፒታል በቀጥታ ከመሄዳችሁ በፊት ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ፣ አለዚያ ከካርድ ክፍል መመለስ ይመጣል። የታይሮይድ፣ የስኳርና የቲቢ ጥርጣሬ ካለ እዚያው ጤና ጣቢያ ማስጀመር ይቻላል። የግል ክሊኒክ ፈጣን ነው፣ ግን ቀጠሮ ስትይዙ የቆዳ ስፔሻሊስት መኖሩን ጠይቁ።

ሐኪም ጋ ስትገቡ "ላብ ይበዛብኛል" ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። ከስንት ዓመታችሁ እንደጀመረ፣ ሌሊት እንዳለና እንደሌለ፣ ቤተሰብ ውስጥ ማን እንዳለበት፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ፣ ምን ቀብታችሁ እንዴት እንደተቀባችሁ ተናገሩ። ከሥራ ምን እንደሚያስተጓጉላችሁም ጨምሩ፤ ወረቀት የሚያርስ ላብና የሚያሳፍር ላብ አንድ ዓይነት ሕክምና አያዝላቸውም።

20 በመቶ የሆነው አሉሚኒየም ክሎራይድ ሁሉም መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ከፒያሳ እስከ ስታዲየም እየዞራችሁ ከምትለፉ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከነማ መድኃኒት ቤቶችንም አትርሱ። አንዳንድ ሆስፒታሎች ውስጥም በሐኪም ትዕዛዝ ቀምመው የሚሰጡ ፋርማሲዎች አሉ።

ቀን የተቆረጠ ነገር ካለባችሁ

ሰርግ፣ ምርቃት፣ የቪዛ ኢንተርቪው ያለበት ሰው በቀረው ጊዜ ይምረጥ። ወር ከቀራችሁ ለመዳፍ አዮንቶፎሬሲስ፣ ለብብት ቦቶክስ ይደርሳሉ፤ ቦቶክሱን ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም አድርጉት። ሳምንት ከቀራችሁ የሌሊቱን አሉሚኒየም ዛሬ ማታ ጀምሩ፣ ካሳከካችሁ የምታሳርፉበት ቀን ይኖራችኋል። ነገ ከሆነ ደግሞ አዲስ ነገር ቆዳችሁ ላይ አትሞክሩ። የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ፣ ጠቆር ያለ ልብስ ከላይ፣ ኪስ ውስጥ ሶፍት፣ ጠዋት ቡናውን መዝለል። ክኒንም የመጀመሪያውን ቀን ለሰርግ ቀን አታድርጉት፤ አፉ የደረቀ ሙሽራ ጉርሻ መዋጥ ያቅተዋል።